የሄፓሪን ኮለም ኪት ወይስ ፊኮል? የሄርፒስ ቫይረስን ክፍሎች ለመለየት የገዛሁት ኪት ላይ ያለኝ ሪቪው

ስለዚህ ኪት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መጻፍ እችል ነበር ግን አልፈለኩም፣ አንዴ ሞክሮ መፍረድ ለሠሪውም ለሚገዛውም ጥሩ አይደለም ብዬ ሦስት ሳጥን እስክጨርስ ጠበኩ፣ አሁን ግን የምለው ስላለኝ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ። የኪቱን ስም አልጠራም፣ ያመረተውንም ድርጅት አልጠራም፣ ምክንያቱም በዚሁ ሐሳብ የሚሠራ ኮለም (ፈሳሽ አፍስሰው ቫይረስ የሚያጣሩበት ቱቦ) የሚሸጡት ብዙ ናቸው፣ የኔም ቅሬታ ሳጥኑ ላይ ያለችው "ንጹህ" የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ቸኩላችሁ ለመጣችሁ በአጭሩ፦ ሥራችሁ ሴል ኢንፌክት የሚያደርግ ቫይረስ ማጠራቀም ከሆነ ኪቱ ጥሩ ነው ግዙት። ሥራችሁ ቫይረሱ ከምን ከምን እንደተሠራ ማወቅ ከሆነ፣ ማለትም የትኛው ፕሮቲን የት ክፍል ላይ ነው የሚለውን መመለስ ከሆነ፣ አትግዙት፣ ፊኮል (ቫይረስ ለመለየት የሚበጠበጥ ወፍራም የስኳር ፖሊመር) እና ስኳር ግዙ፣ የተረፋችሁን ደግሞ ለጥሩ አንቲቦዲ አውሉት። ለምን እንደሆነ የሚፈልግ ይቀጥል።

እሺ፣ ንጹህ ማለት ምን ማለት ነው? ሁሉም ነገር ያለው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ሄርፒስ ሲምፕሌክስ 1ን ከውስጥ ወደ ውጭ ስናየው መሃሉ ላይ 152 ሺህ ቤዝ ፔር ገደማ የሚረዝም ዲኤንኤ አለ፣ እሱን የያዘው ካፕሲድ የሚባል 125 ናኖሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ የፕሮቲን ቅርፊት ነው፣ ከካፕሲዱ ውጭ ቴጉመንት የሚባል ብዙ ዓይነት ፕሮቲን የታጨቀበት ድርብርብ አለ፣ ከዛ በላይ ከሴሉ የተወሰደ የቅባት ሽፋን ማለትም ኤንቨሎፕ አለ፣ እላዩ ላይ ጂቢ ጂሲ ጂዲ ምናምን የሚባሉ ግላይኮፕሮቲኖች (ስኳር የተለጠፈባቸው ፕሮቲኖች) ተተክለውበታል። ይሄ ሙሉው ቫይረስ ነው። ግን በቫይረሱ የተያዘ ሴል የሚሠራው ሙሉ ቫይረስ ብቻ አይደለም እኮ። ኒውክለሱ ውስጥ ሦስት ዓይነት ካፕሲድ ታገኛላችሁ፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ ይባላሉ፣ ኤ ባዶ ነው፣ ቢ ዲኤንኤ የለውም ግን ቅርፊቱ ሲገነባ ደግፎ የሚይዘው ፕሮቲን እስካሁን ውስጡ አለ፣ ሲ ደግሞ ዲኤንኤውን የያዘው ነው። ከሴሉ ውጭ ደግሞ ከሙሉው ቫይረስ ጎን ለጎን ኤል-ፓርቲክል የሚባል ይወጣል፣ ኤንቨሎፕ አለው፣ ቴጉመንት አለው፣ ካፕሲድና ዲኤንኤ ግን የለውም፣ ስለዚህ ላዩን ስትነኩት ቫይረስ ነው፣ ራሱን ግን ማባዛት አይችልም። ይሄንን ፓርቲክል በ1991 ለይተው ያሳዩት ሲላጊና ከኒንግሃም ናቸው፣ የለዩበትም ነገር ፊኮል ነበር፣ ወደዛ እመለሳለሁ።

እንግዲህ አንድ ሰው "ሄርፒስ አጣራሁ" ሲል ቢያንስ ከነዚህ አምስቱ የቱን ነው ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ኪቱ ይሄን ጥያቄ አይጠይቅም።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ደስም ይላል። ጂቢና ጂሲ ሴሉ ላይ ያለውን ሄፓራን ሰልፌት የሚባል የስኳር ሰንሰለት ይዘው ነው ቫይረሱ መጀመሪያ ሴል ላይ የሚለጠፈው፣ ሄፓሪን ደግሞ የሱ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ስለዚህ ኮለሙ ውስጥ ሄፓሪን የተለጠፈባቸው ትንንሽ እንክብሎች አሉ፣ የሴሉን ሚዲየም (ሴሉ ያደገበትን ፈሳሽ) ታፈሱበታላችሁ፣ ቫይረሱ ይያዛል፣ ሌላው ያልፋል፣ ታጥባላችሁ፣ ከዛ ጨው የበዛበት ባፈር ስትለቁበት ቫይረሱ ይለቅና ይወርዳል። አልትራሴንትሪፊውጅ (በጣም ፈጣኑ ማሽከርከሪያ) አያስፈልግም፣ ቲዩቦቹን ለሚይዘው ሮተር ወረፋ መያዝ የለም፣ ቲዩብ ሚዛን ላይ እያስቀመጡ ጠብታ በጠብታ ማመጣጠን የለም። ከሰዓት በኋላ ጀምራችሁ ሳይመሽ ጨርሳችሁ ትወጣላችሁ። የወረደውን ፕላክ አሴይ አድርጌ (ሴል ላይ ቫይረሱ የሚበሳቸውን ቀዳዳዎች ቆጥሬ) ሳየው ታይተሩ ማለትም ኢንፌክት የሚያደርገው ቫይረስ መጠን ጥሩ ነው፣ ሦስቱም ሳጥን ላይ ተመሳሳይ ነው፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው በእውነት፣ ብዙ ኪት ከሳጥን ሳጥን ይለያያል። ሌላም ልጨምር፣ ቫይረሱን በከፍተኛ ፍጥነት አሽከርክሮ ታች ላይ መጨፍለቅ ስለሌለ ኤንቨሎፑ ብዙም አይጎዳም፣ ፔሌት አድርጋችሁ በፒፔት እየመታችሁ የፈታችሁ ሰዎች ምን ያህል ቫይረስ እንደሚሞት ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ችግሩ የታየኝ ጄል ላይ ነው።

የኮለሙን ውጤት ፕሮቲኖችን በመጠናቸው በሚለየው ኤስዲኤስ ጄል ላይ አሩጬ ቀለም ስቀባው ቪፒ5 የሚባለው የካፕሲዱ ዋና ፕሮቲን ቀጠን ብሎ ታየኝ። ቪፒ5 150 ኪሎ ዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው የሚቀመጠው፣ ሊያመልጥ የሚችል ባንድ አይደለም፣ አንድ ካፕሲድ ላይ 150 ሄክሶን የሚባል ቁራጭ አለ እያንዳንዱ 6 ቪፒ5፣ ማዕዘኖቹ ላይ ደግሞ 11 ፔንቶን የሚባል አለ እያንዳንዱ 5፣ ስትደምሩት 955 ኮፒ ነው፣ አስራ ሁለተኛው ማዕዘን ላይ ቪፒ5 የለም፣ ዲኤንኤው የሚገባበት ፖርታል ነው እዛ ያለው። 955 ኮፒ ያለው በዚህ መጠን ትልቅ ፕሮቲን ከጂዲና ቪፒ16 ከሚባለው የቴጉመንት ፕሮቲን ጋር ሲወዳደር እንዲህ ሊያንስ አይችልም። መጀመሪያ ትራንስፈሩ (ፕሮቲኑን ከጄሉ ወደ ሜምብሬን ማሻገሩ) ነው አልኩ፣ ትልቅ ፕሮቲን ሜምብሬን ላይ ለመውጣት ስለሚያስቸግር ዌስተርን ላይ፣ ማለትም ሜምብሬኑ ላይ በአንቲቦዲ ሲፈለግ፣ ቪፒ5 ቢያንስ አይገርምም፣ ግን ጄሉን ራሱን በሚቀባው ኩማሲ ላይም ያው ነው፣ እዛ ትራንስፈር የለም። ሁለተኛውንም ሳጥን ሞከርኩ ያው ነው።

ከዛ ያደረኩት ምን መሰላችሁ፣ ከኮለሙ የወረደውን ያንኑ ሳምፕል ጨውን አውጥቼ ከ5 እስከ 15% ፊኮል ግራዲየንት (ከላይ ቀጭን ሆኖ ወደታች እየወፈረ የሚሄድ ፈሳሽ) ላይ ጫንኩት። ከሮተሩ አውጥቼ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከላይ መብራት ስለቅበት ሁለት ነገር ነው የታየኝ፣ ታች በኩል ጥርት ያለች ቀጭን ነጭ-ሰማያዊ ባንድ፣ ከሷ በላይ ደግሞ ሰፋ ብሎ የተበተነ ደመና የሚመስል ነገር። ታችኛዋ ሙሉው ቫይረስ ናት። ደመናው ኤል-ፓርቲክል ነው፣ መጠናቸው አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው የሚበተነው። ከሁለቱም ወስጄ ዌስተርን ሳደርግ ጂዲና ቪፒ16 ሁለቱም ጋ አለ፣ ቪፒ5 ታችኛዋ ጋ ብቻ ነው በደንብ ያለው። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ላይም ሰጥቼ አሳየሁ፣ ከደመናው የተወሰደው ክብ ክብ ነገር ነው እላዩ ላይ ስፓይክ ያለበት፣ መሃሉ ላይ ካፕሲድ የለም።

ይሄን ካየሁ በኋላ ወደኋላ ተመልሼ ሳስበው የኪቱ ነገር ግልጽ ነው፣ መገመት ነበረብን ሁላችንም። ኮለሙ የሚይዘው ቆዳውን ነው። ሙሉው ቫይረስና ኤል-ፓርቲክል ደግሞ ቆዳቸው አንድ ነው። ምንም ያህል ብታጥቡ፣ ምንም ያህል የጨውን መጠን ብትቀያይሩ በቆዳ የሚለይ ነገር በሆድ ዕቃው የሚለያዩትን ሁለት ነገሮች ሊለይ አይችልም። ፊኮሉ ግን የሚለየው በክብደትና በመጠን ነው፣ ዲኤንኤና ካፕሲድ የተሸከመው ፈጥኖ ይወርዳል፣ ያልተሸከመው ወደኋላ ይቀራል፣ አበቃ።

"ምን ችግር አለው ትንሽ ቢቀላቀል" የሚል ሰው ይኖራል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንደኛ ብዙ ሰው ይሄን ሳምፕል ማስ ስፔክትሮሜትሪ (ፕሮቲኖችን በክብደታቸው የሚያውቅ ምርመራ) ይሰጥና የቫይረሱን ፕሮቲኖች ዝርዝር ያወጣል። ሎሬና ጓደኞቿ በ2008 ከሴል ውጭ የወጣውን ሄርፒስ 1 በዚህ መንገድ ሲመረምሩት ከቫይረሱ ፕሮቲኖች ሌላ እስከ 49 የሚደርሱ የሴሉ የራሱ ፕሮቲኖች አግኝተዋል። እንዲህ ያለ ግኝት ትርጉም የሚኖረው ሳምፕሉ ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት ስታውቁ ነው። የኔ ሳምፕል ኤል-ፓርቲክል የተቀላቀለበት ከሆነ አንድ የሴል ፕሮቲን አገኘሁ ስል ሙሉው ቫይረስ ላይ ነው ወይስ ባዶው ላይ ነው የሚለውን መመለስ አልችልም፣ የቴጉመንት ፕሮቲን በአንድ ቫይረስ ስንት ኮፒ አለ ብዬ ብቆጥርማ ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው። ሁለተኛ ደግሞ ለኢንፌክሽን ሥራም ቢሆን ኤል-ፓርቲክል ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፣ ቴጉመንቱን ይዞ ሴል ውስጥ መግባት ይችላል፣ ቪፒ16 የቫይረሱን የመጀመሪያ ጂኖች ያስነሳል፣ ቪኤችኤስ የሚባለው ደግሞ የሴሉን ኤምአርኤንኤ ይቆራርጣል፣ ስለዚህ አንድ ሰው ከኪቱ የወረደውን በፕላክ ቁጥር ብቻ ለክቶ ሴል ላይ ቢጨምርና ሴሉ ላይ የሆነውን ሁሉ ሙሉው ቫይረስ ነው ያደረገው ቢል ሊሳሳት ይችላል። ይሄን ለሚገዙት ሰዎች ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ወረቀት ላይ በአንድ መስመር መጻፍ ይቻል ነበር። አልተጻፈም።

ሌላው ኪቱ ላይ ያናደደኝ ነገር፣ ኢንፌክት ያልሆነ ሴል ሚዲየምም በተመሳሳይ መንገድ በኮለሙ አሳለፍኩ፣ ይሄን ሁሌም አድርጉ እባካችሁ፣ ያለ እሱ ምንም ማለት አይቻልም። ምንም ቫይረስ በሌለበት ከኮለሙ ፕሮቲን ወረደ። ያው ሄፓሪን የሚይዘው ሄርፒስን ብቻ አይደለም፣ ሴረም (ሚዲየሙ ላይ የሚጨመረው የደም ፈሳሽ) ውስጥ ያለው አንቲትሮምቢን ይይዘዋል፣ ፋይብሮኔክቲንም ይይዘዋል፣ ስለዚህ ሴረም ያለበት ሚዲየም የምትጠቀሙ ከሆነ የምታገኙት ቫይረስ ከሴረም ፕሮቲን ጋር ነው። ሴረሙን ቀንሼ ስሞክረው ተሻሻለ ግን አልጠፋም።

ድርጅቱን ጻፍኩላቸው። ሁለት ጥያቄ ነበር የጠየኩት፣ የማውረጃ ባፈሩ ጨው መጠኑ ስንት ነው፣ ኤል-ፓርቲክልን በተመለከተ የሠራችሁት ቴስት አለ ወይ። የመጀመሪያውን የድርጅቱ ሚስጥር ነው አሉኝ፣ ለሁለተኛው የላኩልኝ የታይተር ግራፍ ነው። በትህትና ነው የመለሱልኝ፣ ያንን አልክድም፣ ግን የባፈሩን ጨው የማያውቅ ሰው ሳምፕሉን ቀጥሎ ወዳለው ሥራ እንዴት አድርጎ ያሳልፈዋል? ጨው የበዛበት ባፈር ላይ ቫይረሱ ብዙ ከቆየ ኤንቨሎፑ ይጨማደዳል፣ ድንገት ወደ ቀጭን ባፈር ስትቀይሩት ደግሞ ይፈነዳል፣ ይሄን ለማስተካከል ቁጥሩን ማወቅ አለብኝ።

ወደ ካፕሲድ ስንመጣ ኪቱ ጨርሶ ቦታ የለውም፣ ኒውክለስ ውስጥ ያለ ካፕሲድ ኤንቨሎፕም ግላይኮፕሮቲንም ስለሌለው ሄፓሪኑ የሚይዘው ነገር የለም። እዚህ ላይ ንግሥቲቱ አሁንም ስኳር ናት። ጊብሰንና ሮይዝማን በ1972 የካፕሲዶቹን ዓይነቶችና ፕሮቲኖቻቸውን ለይተው ሲያሳዩ በሱክሮስ ማለትም በስኳር ግራዲየንት ነው፣ ዛሬም ያው ነው የምናደርገው፣ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖት ማለት ነው። ሴሎቹን ለስላሳ ዲተርጀንት ሰጥታችሁ ሳይቶፕላዝሙን ታወጣላችሁ፣ ኒውክለሱን ትሰበስባላችሁ፣ ኒውክለሱን ሰብራችሁ ውስጡ ያለውን ከ20 እስከ 50% ሱክሮስ ላይ ጭናችሁ ታሽከረክራላችሁ። ሦስት ባንድ ይወጣል፣ ላይኛዋ ኤ፣ መሃለኛዋ ቢ፣ ታችኛዋ ሲ። ዱር ዓይነቱ (ጂኑ ያልተነካው) ቫይረስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቢ ነው ደምቆ የሚታየው፣ ኤ ከሳ ያለ ነው፣ ሲ ካልታየ አትደንግጡ መብራቱን አስተካክሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱን ባንድ በዓይኔ ሳይ ቲዩቡን ይዤ ለረጅም ጊዜ ነው የቆምኩት፣ አንድ ቫይረስ እንዴት እንደሚገነባ ደረጃ በደረጃ ቲዩብ ውስጥ ተደርድሮ ማየት ነው፣ ምንም ኪት ይሄን አልሰጠኝም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ኒውክለስና ሳይቶፕላዝም ካልተለየ ሲ ባንድ ላይ ሌላ ነገር ይቀላቀልበታል፣ ኤንቨሎፕ ያለው ቫይረስም ሳይቶፕላዝም ውስጥ ያለ ካፕሲድም እዛው አካባቢ ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚህ ለመለያየቱ ጊዜ ስጡት። ደግሞ ይሄ ባንዱ በጊዜ ብዛት ቦታውን የሚይዝበት ዓይነት አይደለም፣ ሩጫ ነው፣ ካበዛችሁት ሁሉም ታች ይደርሳል። ፕሮቶኮል ላይ አንድ ሰዓት ከተባለ አንድ ሰዓት ነው፣ ሮተራችሁ ከነሱ የተለየ ከሆነ በደቂቃ ሳይሆን በጂ (ቲዩቡ ላይ በሚያርፈው የማሽከርከር ኃይል) አስሉት። ይሄን የማያስቡ ሰዎች ናቸው ፕሮቶኮሉ አይሠራም የሚሉት።

ባንዱ የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ደግሞ ጄሉ ነው፣ ቦታውን ብቻ አይታችሁ ስም አትስጡት። ቪፒ5 ሦስቱም ላይ አለ፣ ቪፒ19ሲ እና ቪፒ23 ሦስቱም ላይ አሉ፣ ልዩነቱን የሚያወጣው ቪፒ22ኤ የሚባለው የመደገፊያው ፕሮቲን ነው፣ 40 ኪሎ ዳልተን አካባቢ ይመጣል፣ ቢ ላይ ደማቅ ነው ኤ እና ሲ ላይ የለም። ኤ እና ሲን ለመለየት ደግሞ ዲኤንኤ ትለካላችሁ፣ መጀመሪያ ግን ዲኤንኤዝ (ዲኤንኤ የሚቆራርጥ ኢንዛይም) ጨምራችሁ ውጭ ላይ የተለጠፈውን አጥፉ፣ ካፕሲዱ ውስጥ ያለው ስለተጠበቀ አይነካም፣ ከዛ ዲኤንኤዙን ገድላችሁ ካፕሲዱን ከፍታችሁ ፒሲአር ታደርጋላችሁ። ሰው ዲኤንኤዙን ዘሎት ኤ ላይ ዲኤንኤ አገኘሁ ብሎ ሲጨነቅ አይቻለሁ። ንጽህናውን ለማየት ደግሞ ሊኖር የማይገባውን ነገር ፈልጉ፣ ላሚን ካለ የኒውክለስ ስብርባሪ አለበት፣ ካልኔክሲን ካለ የኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ሜምብሬን አለበት። ለኔ የኪቱን ገንዘብ መልሳችሁ ብትሰጡኝ የምገዛው እነዚህን ሁለት አንቲቦዲዎችና ጥሩ የቪፒ5 አንቲቦዲ ነው።

በፊኮል ፈንታ አዮዲክሳኖል ለምን አይሆንም የሚል ይኖራል፣ ሞክሬዋለሁ፣ መጀመሪያ ለራጅ ፎቶ የተሠራ ነገር ነው፣ 60% ተበጥብጦ ነው የሚመጣው፣ ዴንሲቲው 1.32 ነው፣ በተስማሚ ባፈር ስታቀጥኑት ቫይረሱን አያጨማድደውም፣ እንደ ፊኮልም አይወፍርም ፒፔት ላይ ይታዘዛል። ለታይተር በጣም ጥሩ ነው። የሚከፋው ራሱ አልትራቫዮሌት ስለሚውጥ ፍራክሽኖቹን (ከቲዩቡ በየተራ የተቀዱትን) ፕሮቲን በሚነበብበት በ280 ናኖሜትር ማንበብ አትችሉም፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ በዓይን የምትፈልጉ ከሆነ ግድ አይሰጣችሁም። ሲዚየም ክሎራይድ የሚባለውን ከባድ ጨው ደግሞ ኤንቨሎፑን ለሚፈልግ አልመክርም፣ ለዲኤንኤው ግን እስካሁን ያምርበታል፣ የሄርፒስ 1 ዲኤንኤ የጓኒንና የሳይቶሲን ቤዞች ድርሻው 68% ስለሆነ ዴንሲቲው 1.726 ላይ ይቀመጣል፣ የሴሉ ዲኤንኤ ከሱ በላይ ይቀራል፣ ባንዶቹ ይለያያሉ። ከዚህ ውጭ የምለው የለኝም።

ፊኮሉንም ያለ ነቀፌታ ላሞግሰው አልፈልግም። ወፍራም ነው። ዱቄቱን ውሃ ላይ ስትጨምሩት እንደ ሙጫ ይጓጉላል፣ ከታች ማግኔት አድርጋችሁ በትንሽ በትንሹ እየነሰነሳችሁ ሌሊቱን ማሳደር ነው። ባንዱን ከወሰዳችሁ በኋላ ፊኮሉን ማስወገድ ሌላ ሥራ ነው፣ በባፈር ደህና አድርጋችሁ አቅጥናችሁ እንደገና ማሽከርከር አለባችሁ፣ እዛ ላይ የተወሰነ ቫይረስ ይጠፋል። አልትራሴንትሪፊውጅ የሌለው ላብራቶሪ ደግሞ አማራጭ የለውም፣ ኪቱ ለእነሱ የተሠራ ነው ቢባል እስማማለሁ። ግራዲየንቱን በእጅ መሥራት እስኪለመድም አንድ ሁለት ቲዩብ መበላሸቱ አይቀርም፣ እኔ 5 በመቶውን ከላይ አድርጌ 15 በመቶውን በረጅም መርፌ ከሥር አስገብቼ ቲዩቡን አስተኝቼ እንዲቀላቀል አደርጋለሁ፣ ቀስ ብሎ ማስተኛት ቀስ ብሎ ማቆም ነው ሚስጥሩ።

ግን ፊኮል ኦስሞቲክ ግፊቱ (ውሃ የመሳብ ኃይሉ) ትንሽ ስለሆነ ኤንቨሎፑ ሙሉ ሆኖ ይወጣል፣ ለዚህ ነው በ50% ስኳር ውስጥ ያለፈ ቫይረስና በፊኮል ያለፈ ቫይረስ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎን ለጎን ስታዩ ልዩነቱ የሚታየው። በ1972 ስፒርና ሮይዝማን የሙሉውን ቫይረስ ፕሮቲኖች ሲያወጡ ዴክስትራን (ሌላ ረጅም የስኳር ሰንሰለት) ግራዲየንት ነበር የተጠቀሙት፣ ያኔም ያሰቡት ይሄንኑ ነው፣ ኤንቨሎፑን ሳይሰብሩ ከሴሉ ሜምብሬን መለየት። ያ ችግር አሁንም አልተቀየረም፣ የሴሉ ሜምብሬን ስብርባሪ ራሱ የቫይረሱ ግላይኮፕሮቲኖች ተተክለውበታል፣ ሴሉ ተይዟል እኮ፣ ስለዚህ ጂዲ አገኘሁ ማለት ቫይረስ አገኘሁ ማለት አይደለም፣ ይሄን ኪቱን የሚሸጡት ሰዎች ዌስተርናቸው ላይ ጂዲን ብቻ ሲያሳዩ በጣም ነው የሚያሳስበኝ፣ ምክንያቱም ሥራውን ገና የሚጀምር ተማሪ ያንን ሥዕል አይቶ ያምናል።

ከመጨረሴ በፊት ስለ ጥንቃቄ፣ ባንዱን ስታወጡ ቲዩቡን በጎን በመርፌ መብሳት ብዙ ሰው ይወዳል ባንዱ ንጹህ ሆኖ ስለሚወጣ፣ እኔ ትቼዋለሁ። በዛ ባንድ ውስጥ ያለው ቫይረስ እጅግ የተከማቸ ነው፣ እጅ ላይ ቢገባ ወይ ዓይን ላይ ቢረጭ ቀላል አይደለም፣ ሄርፒስ ዓይን ውስጥ ሲገባ ኮርኒያ ይጎዳል፣ አንዴ ከገባም ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ከላይ ያለውን ቀስ ብላችሁ እየሳባችሁ ወርዳችሁ በደነዘዘ ጫፍ ውሰዱት፣ መነጽር አድርጉ፣ ባዮሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ ሥሩ፣ የሮተሩንም ክዳን ካቢኔቱ ውስጥ ክፈቱት፣ ቲዩብ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላልና። በዚህ በኩል ኪቱ ይሻላል፣ መርፌም ሮተርም የለውም፣ ነጥብ ጨምሬለታለሁ።

ነጥብ ካላችሁኝ ኪቱ ለቫይረስ ማጠራቀም ከ5 አራት፣ ክፍሎቹን ለመለየትና ለመመርመር ከ5 አንድ። ፊኮል 400 ለሙሉው ቫይረስ ከ5 አራት ተኩል፣ ግማሿን የቀነስኩት ለማሟሟቱ ነው። የተረፉኝን ሁለት ኮለሞች አልጣልኳቸውም፣ ብዙ ሊትር ሚዲየም ሲኖረኝ መጀመሪያ በኮለሙ አሰባስቤ አሳንሼ ከዛ ፊኮል ላይ እጭነዋለሁ፣ ለዛ ደህና ይሠራል፣ ማሽከርከሪያው ላይ ከስድስት ቲዩብ ወደ ሁለት ቲዩብ ወርጃለሁ። ይሄን መንገድ የምትሞክሩ ከኮለሙ የወረደውን ጨው ሳታወጡ ፊኮሉ ላይ አትጫኑት፣ ጨዋማው ከፊኮሉ 5 በመቶ ሊከብድ ስለሚችል ከላይ መቆም ሲገባው ሰምጦ ግራዲየንቱን ያበላሽባችኋል፣ አንድ ሌሊት ዳያሊሲስ አድርጋችሁ (ጨው ብቻ በሚያሳልፍ ከረጢት ባፈር ውስጥ አሳድራችሁ) ጠዋት ጫኑት።